ካንዴላው የቱ ነው፣ ቲቸር?

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ባለ አራት ምት ሞተርን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንደሳልኩት ፈጣሪ ይወቀው። ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። ፒስተኑ ይወርዳል፣ ቤንዚንና አየር ይስባል፤ ይወጣል፣ የሳበውን ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭ ይላል፣ የታመቀው ይቀጣጠልና ፒስተኑን ገፍትሮ ቁልቁል ይሰደዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ጭሱን ጠርጎ ያስወጣል። እሳቱን በቀይ ጠመኔ፣ አየሩን በሰማያዊ፣ ፒስተኑን በነጭ። ከክፍል ስወጣ የኮቴ እጅጌ ቀስተ ደመና ይመስላል። ተማሪዎቼ ሥዕሉን ይገለብጣሉ፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል። እኔም በባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ልብሱ ዘይት የጠገበ ወጣት እውነተኛ ሞተር ፊት አቁሞኝ «ካንዴላው የቱ ነው፣ ቲቸር?» ሲለኝ፣ በሙሉ የመምህርነት ግርማ እጄን ዘርግቼ የጠቆምኩት የዘይት መሙያውን ክዳን ነበር።

ጥፋቱ የዕቁብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የመምህራን ዕቁባችን 45,000 ብር ደረሰኝ። ባለቤቴ ፍሪጅ ብላ ነበር። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቀረብኩ። ለባጃጅ በቀን ስንት፣ በወር ስንት፣ ልጆቹ ሲጨመሩ ስንት፤ በሌላ በኩል አንዲት ትንሽ ሞተር በአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ያኔ ደግሞ ሊትሩ 30 ብር እንኳ አልሞላም። አሰላሁ፣ ከመልሱ ሥር ሁለት መስመር አሰመርኩ፣ አቀረብኩላት። ባለቤቴ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ልክ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «እንዲህ ልክ ሆኖ የመጣ ሒሳብ ሳይ ግን እኛ ኦዲተር እንጠራለን» አለች።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ታቦርና አላሙራ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ከመቆማቸው በቀር ከተማዋ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ናት። ድሮ ብስክሌት፣ አሁን ባጃጅና ሞተር ያበዛባት ይሄው ሜዳነቷ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም አለኝ፤ እዚያ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ ልገዛ ነው ስለው በስልክ እንደቀና ያስታውቅበት ነበር። ሰው የሚቀናበት ነገር ደግሞ ዋጋው ርካሽ ይመስላል።

ደላላው ያሳየኝ ቦክሰር ነበረች፤ ጥቁር፣ ባለ 100 ሲሲ፣ በእግር የምትነሣ። «ዶክተር የያዛት ናት» አለኝ። ልብ ብዬ እንዳየሁት በአገራችን ለሽያጭ የቀረበ ተሽከርካሪን ነጋዴም ገበሬም ይዞት አያውቅም፤ ሁሉንም የያዘው ዶክተር ነው። ይቺን የያዛት ዶክተር ሕመምተኞቹን የሚጎበኘው የታረሰ ማሳ ውስጥ ሳይሆን አልቀረም። ማርሚታዋ በሽቦ ታስሯል፣ አንድ ፍሬቻ የለም፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 27,314 ላይ ቆሟል። እኔ እጅ ከገባች ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም 27,314 ነው። እንደ ታዳጊ ቡድን ተጫዋች ዕድሜ፣ አንዴ ከቆመ ቆመ።

ከሁሉ የከነከነኝ የፊት ፓራፋንጎዋ ላይ የተለጠፈው ትልቅ የአርሰናል ስቲከር ነበር። እኔ የማንቸስተር ሰው ነኝ። የገዛኋት ቀን ማታ ልልጠው ስጀምር ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ አብሮ መጣ፤ ለካ ስቲከሩ ጌጥ አልነበረም፣ ፓራፋንጎውን የያዘው እሱ ኖሯል። መልሼ ለጠፍኩት። ይኸው የአርሰናልን አርማ እያስቀደምኩ ሐዋሳን እዞራለሁ፤ ተሸንፈን ባደርን ሰኞ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ደጃፍ ላይ ስደርስ የሚሉኝን አልጽፈውም።

በነገራችን ላይ ቦክሰርን የሚሠራው ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ያለው ባጃጅ የተባለው ኩባንያ ነው። ነገር ግን እኛ ዘንድ የኩባንያውን ስም ባለ ሦስት እግሯ ብቻዋን ወርሳዋለች፤ ሌላ ኩባንያ የሠራትም ብትሆን ባጃጅ ናት። የቤቱ ልጅ ይዤ «ባጃጅ ገዛሁ» ብል ግን ሰው ሦስተኛውን እግር ይፈልጋል።

መቶ ሲሲም ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም፣ ይቆጨኛል። አንድ ሲኒ ቡና ሞልታችሁ ትንሽ ድገሙበት። ፒስተኑ አንዴ ሲወርድ የሚስበው ያንን ያህል ነው። በዚህች ሲኒ እኔን፣ ባለቤቴን፣ መሐላችን የሚቀመጠውን ትንሹን ልጅና አንዳንዴ 25 ኪሎ ጤፍ እናጓጉዛለን።

በሦስተኛው ቀን አልነሣም አለች። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። እየገፋሁ አንድ ሸራ ጥላ ሥር ያለ ጋራዥ አደረስኳት። ከሞተር ሥር አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ቲቸር! አላወቁኝም?»

«ይቅርታ…»

«በፊዚክስ የጣሉኝ ልጅ ነኝ!»

ይህ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ብዙ ሰው ጥያለሁ። «የኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ» ሲል ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ በመስኮቱ መንገድ የሚያይ ልጅ ነበር። ምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ስጠይቀው «ሞተር ነበር የማየው» አለኝ። ካንዴላውን የጠየቀኝ ያን ዕለት ነው። ሊያሳፍረኝ አልነበረም፤ አውቃለሁ ብሎ ነው። የዘይቱን ክዳን ስጠቁም ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሳቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደነገጠ። እሱን የጣልኩበት ፈተና ምን እንደነበር ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ እኔ የሱ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርቱም የሚሰጠው በጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ቡሎን፤ መፍቻው ካቻቢቴ፣ መቆንጠጫው ፒንሳ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፤ ዓመታዊ ምርመራ አልፋችሁ የምትለጥፉት ወረቀት እንኳ ቦሎ ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነበር። ማርሚታ ግን እጅ አልሰጠችም። ልጁ አንድም ቀን ጣሊያንኛ አልተማረም፤ ሒሳብ ሲነግረኝ ግን ሮም ሬስቶራንት ገብቼ ምግብ ያዘዝኩ ይመስለኛል። ከፍዬ ስወጣ የበላሁት ነገር የለም።

እኔም ዝም ብዬ አልማር አልኩ። ካንዴላ ሲቀይር ጫፉ ላይ ያለውን ክፍተት በተሰበረ የሰጌቶ ምላጭ ለካ፤ ምላጩ ጠበቅ ብሎ ካለፈ ልክ ነው አለ። ይሄማ ሳይንስ አይደለም ብዬ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማይክሮሜትር ይዤ መጣሁና ምላጩን ለካሁት። ከ0.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ ለካንዴላው የሚፈለገው 0.7 ገደማ ነው። ሰንሰለቷ ምን ያህል ትርገብ ስለው «ሁለት ጣት» አለ። ማስመሪያ አወጣሁ። ሁለት ጣቱ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ አረፈው፤ እሱም ከተለመደው ልክ ውስጥ ነው። ማይክሮሜትሩን ወደ ቦታው መለስኩ።

መንዳቱን ያስተማረኝም እሱ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ታቦር ግርጌ አንድ የኳስ ሜዳ ላይ። ሜዳው ሰው የለውም ያልኩት ለካ ስፖርተኛ የሚባለውን ፍጥረት ረስቼ ነው፤ የሐዋሳ ሰው ግማሹ በዚያ ሰዓት ይሮጣል፣ ከሚሮጠውም ሩቡ ተማሪዬ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ራሱ ግፍ አለበት። ግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ ግራ እግር ማርሽ፤ ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። አራቱም በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ይታዘዛሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እጄንና እግሬን እንዲህ አለያይቼ ያንቀሳቀስኩት ሠርግ ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም አላማረብኝም። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለቀው ትዘላለች፣ ሳዘገየው ትጮኻለች። በአራተኛው ቀን ግን ተንቀሳቀስኩ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ፉጨት ጀመረ። ልቤ ሞቀ። ሰፊው ሜዳ ላይ ከፊቴ የነበረው አንድ የጎል ቋሚ ብቻ ነው፤ እንዳልመታው ብዬ ትክ ብዬ አየሁት። ሞተር ደግሞ ነጂው ወደሚያየው ነው የምትሄደው።

«ፍሬን ይያዙ ቲቸር!» የሚል ሰማሁ። ቀጥሎ «ፍሬን! ፍሬን!» ቀጥሎ ደግሞ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በሚያስተጋባ ድምፅ፦

«ፍሬን ያዝ አንተ ሰውዬ!»

እስከዚያ ቀን አንድም ተማሪ «አንተ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቋሚውን ከመምታት ይልቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ወደቅኩ አልልም። ሞተሯ ጋደም አለች፣ እኔም አብሬያት ጋደም አልኩ። ሮጦ ደርሶ አነሣኝና አቧራዬን እያራገፈ «አመመዎት እንዴ?» አለ። አንቱታው ሳይሰበር ተመልሷል። ከዳር ቆሞ ይንጠራራ የነበረ ሯጭ ብቻ እጁን አንሥቶ «ጎል!» አለ።

ሁለተኛው መውደቄ የዕውቀት ውጤት ስለሆነ ብነግራችሁ አላፍርም። እዚህ አገር ሰው የፊት ፍሬን እንደ እባብ ይፈራል፤ ከነካኸው ትገለበጣለህ ይላል። ስህተት ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ስለሚያደላ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ይህን ለልጁ ቆሜ አስረዳሁት፤ ኃይሉን፣ ግጭቱን፣ ሁሉንም። በትዕግሥት ሰማኝና «ልክ ነዎት፤ ጠጠር ላይ ግን አይሞክሩት» አለ። ያለኝ ከመሞከሬ በፊት ነው፤ ይህን ስለ ክብሩ መመስከር አለብኝ።

መንጃ ፈቃድ ፈተናውን አሳጥሬ ልለፈው። የጽሑፉን እኔ ነኝ ያለ ውጤት አመጣሁ። የተግባሩ ቀን ስምንት ቁጥር ላይ ስዞር እግሬ መሬት ነካ፤ ወደቅኩ፤ ማለቴ ፈተናውን። አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ነበሩ። ሦስቱም አለፉ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት ቲቸር፣ ለሚቀጥለው ያጠናሉ» አለኝ። ይህ የኔ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃል በቃል የኔ ነው። በሁለተኛው አለፍኩ።

ባለ ሞተር ስትሆኑ ጎረቤት ዝምድናው ይጠብቃል። ከጀርባችን ያሉት እማማ በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ጠሩኝና «ልጄ፣ እንደው በዚያች በዶቅዶቄህ ጠዋት ብታደርሰኝ» አሉ። ዶቅዶቄ የሚለውን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! እሺ አልኩ። በንጋታው ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። ነጠላቸውን አይቼ ልጁ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነጠላ ሰንሰለት ወይ የኋላ ጎማ ከገባ ነጠላውን ብቻ አይደለም የሚወስደው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እማማ፣ ነጠላዎን እንደ ዘማች ይታጠቁት» አልኳቸው። ታጠቁት። ወገቤን ይዘው ሲነሡ «በስመ አብ» አሉ፤ ዳዊቱን ከዚያ ጀምሮ ገብርኤል እስክንደርስ አላቋረጡትም። እኔ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳሁም፤ ብስክሌት ሁሉ እየቀደመን ነበር፤ አንድ ጋሪም ቀድሞናል። ወርደው መሬቱን ተሳለሙ። ቤተ ክርስቲያኑን አይደለም፣ መሬቱን። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ፤ ስመለስ በባጃጅ እመጣለሁ፣ አትልፋ» አሉኝ።

ሒሳቡስ? ባለቤቴ ልጆቹ የጨረሱትን ደብተር የኋላ ገጾች ይዛ መዝገብ ከፈተች። ዘይት፣ አንድ ሊትር። ካንዴላ። የፍሪሲዮን ገመድ። ካላማዳሪ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከነጎሚስታው። ሦስተኛ ወገን መድን። ቦሎ። የፍሬን ሸራ። መለዋወጫ መደብር በሄድኩ ቁጥር «ኦርጅናል ነው ቻይና?» እባላለሁ፤ በብዙ ልፋት እንደተረዳሁት ኦርጅናል ማለት ካርቶን የለበሰ ቻይና ነው። የዕቁቡ ብር ከስም ማዞሪያው ጋር አብሮ አልቋል። ቤንዚንም ከ30 ብሩ ዘመን ተነሥቶ ዛሬ ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ባለፈው መስከረም ዓመቱን ደምራ ከባጃጁ ሒሳብ ጋር አስተያየችው። ምንም አላለችም። ወረቀቱን የለጠፈችው፣ እስካሁን ባልተገዛው ፍሪጅ ቦታ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ነው። ነገር ግን ይህንን ልብ በሉ፦ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድ ብለን ነፋስ እንቀበል የምትለው እሷው ናት፤ ከኋላዬ ሆና «ትንሽ ፈጠን በላ!» የምትለውም እሷው ናት። ያ በመዝገቡ ላይ ገቢ ተብሎ አልተያዘም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ክረምት መግቢያ ላይ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው ሰልፍ መንገዱን ዞሮ ይሄዳል፤ የኔ ሪዘርቭ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ነው የተከፈተው። በማግስቱ የማጠቃለያ ፈተና ፈታኝ ነኝ። ምን ላድርግ፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት ሁለት ገዛሁ። ዋጋውን ባለቤቴ ስለምታነበው እዚህ አልጽፈውም። ጠዋት ተነሥታ ሄደች፤ ሦስት መቶ ሜትር። ከዚያ ሁለቴ ሳል አለችና ቆመች። ገፋሁ። ሸራው ሥር ስደርስ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጥፏል።

አላነጋገረኝም። ካርቡሬተሯን ፈትቶ፣ አንድ ሃይላንድ በቢላዋ ቆርጦ፣ ከሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ ያለውን ሁሉ እዚያ አፈሰሰው። ወደ ብርሃን አነሣው። ከላይ ቢጫ መሰል፣ ከታች ጥርት ያለ፤ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ረዳቶቹ ሁለት ልጆች ሥራቸውን ትተው መጡ። አነሣሡ፣ ዝም ማለቱ፣ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ማዞሩ፤ የት እንደማውቀው ወዲያው ገባኝ። እኔ ነኝ።

«ቲቸር» አለ፤ «ውሃው ለምን ከታች ሆነ?»

«የውሃ እፍጋት ስለሚበልጥ» አልኩ፤ ተነሥቼ ቆሜ ነበር መሰለኝ የመለስኩት። «ውሃ በሴንቲ ሜትር ኩብ አንድ ግራም ነው፤ ቤንዚን 0.74 ገደማ። ካርቡሬተሩ ደግሞ የሚስበው ከሥር ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው ውሃው ነው። ውሃ ደግሞ አይነድም።»

ረዳቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ግን አልነቀነቀም።

«ያኔ ይቺን ጥያቄ አውጥተዋት ነበር። ዘይትና ውሃ ነበር ያሉት። እኔ "ውሃ ስለሚከብድ" ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ አደረጉብኝ። ሁለት ማርክ ነበረች። የወደቅኩት በሁለት ማርክ ነው።»

«መክበድና እፍጋት አንድ አይደሉም» አልኩት። «አንድ በርሜል ዘይት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ይከብዳል፤ ቢሆንም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥም።»

«እዚህ ውስጥ በርሜል አለ?» ብሎ የተቆረጠችውን ሃይላንድ ወደ ፊቴ አስጠጋት።

የፈተናው ደወል ሊደወል አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። እኔ ጣቴን ዘይት ነክሬ ታንከሯ ላይ ሁለት እኩል ሳጥኖች ሣልኩለት፤ አንዱን ውሃ፣ አንዱን ዘይት አልኩት፤ እኩል ይዘት ስንወስድ ብቻ ነው ክብደትን ማወዳደር የምንችለው አልኩ። ሣጥኖቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። «ይቺን "እኩል" የምትል ቃል ብጨምር ኖሮ ይሰጡኝ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ሙሉውን።»

«ያለሷስ?»

አሰብኩ። «አንድ እሰጥሃለሁ።»

«አንድ ተኩል» አለ።

ካርቡሬተሯ ገና እጁ ላይ ነበረች። አንድ ተኩል ሰጠሁት።